የዘሊካ ተምር

ካርቱም፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዘሊካ ተመረጠች።

ውድ ዛሂራ፣

ደብዳቤውን አትቅደጂው። አውቅሻለሁ፤ የመጀመሪያዋን መስመር አይተሽ ወደ እሳቱ ልትወረውሪው ነው። ተቀመጪና እስከ መጨረሻው አንብቢው። መጨረሻው ላይ የምትሠሪው ሥራ አለ።

አንቺ ወደ አገር ቤት ከተመለስሽ ወዲህ፣ ከሾላ በር መጥተን እዚህ የምንሠራው ሴቶች ጀማዓ ሰብሳቢ አልነበረውም። ጁምዓ ጁምዓ ጀሪፍ ሰፈር እማማ ኸዲጋ ግቢ እንሰበሰባለን፣ እንጨቃጨቃለን፣ እንበተናለን። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ለሚሆነው ትምህርት ቤት ያጠራቀምነው ለአራት ክፍል ከበቃ ቆይቷል። የወረዳው ሰውዬ «ግድግዳውን እናንተ አቁሙ፣ መምህር እኛ እንልካለን፣ ቦታውን የከፈለ ይምረጥ» ማለቱን የጻፍሽልን ራስሽ ነሽ። እንግዲህ ሰብሳቢ የምትሆነዋ ሴት ቦታውን ትመርጣለች ማለት ነው። ወይ ላይኛው ሰፈር፣ ወይ ታችኛው።

ቀጥሎ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን ለአገር ቤት ሽማግሌዎች ስለምታነቢላቸው ልጻፈው። በሁለቱም ሰፈር ልጆቹ እስከ አራተኛ በዳስ ይማራሉ። ታችኞቹ መንገድ ዳር ናቸው። ልጆቻቸው አራተኛን ሲጨርሱ ከተማው ትምህርት ቤት በእግራቸው ይደርሳሉ። የላይኞቹ ልጆች ግን ከከተማው በፊት ወንዝ አለባቸው። ወንዙ ሲሞላ ወንዶቹ ልብሳቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ይሻገራሉ፤ ሴቶቹ ቤት ይቀራሉ፤ አንዴ የቀረች ደግሞ አትመለስም። ልጄ መዲና ዘንድሮ አራተኛ ክፍልን ትጨርሳለች። አምስተኛ ክፍል ላይኛው ሰፈር ካልተሠራላት የምትመጣው እዚህ፣ እኔ ጋ ነው። ዘሊካ አምና «ልጅሽ ደርሳለች አይደል? እዚሁ ሪያድ ሰፈር ጥሩ ቤት አለኝ፤ ሕፃን መያዝ ብቻ ነው» ብላኛለች። በክፋት አይደለም፤ ውለታ ልትውልልኝ ነው። እኔ ግን ልጄን ለሰው ቤት አልሰጥም።

ለዚህ ነው ለምርጫው የቀረብኩት። አለዚያማ እኔ ሰው ፊት ቆሜ ስሜን መናገር እንኳ እንደሚያቅተኝ ታውቂያለሽ። አንቺ ብትኖሪ ምርጫም አያስፈልገንም ነበር፤ አንዴ ትጮኺብንና ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዝ ነበር። ይህን እዚህ እያለሽ ነግሬሽ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ጋ ስትደርሺ ዝለዪው።

ዘሊካን እነሱ የሚያውቋት በወንድሟ በሳዲቅ ነው። እዚህ ግን ሰምሳራ ናት፤ ለመዳሞቹ ሠራተኛ፣ ለሠራተኞቹ መዳም ታገናኛለች። ከሠላሳ ሁለታችን በእሷ በኩል ቤት ያልገባች የለችም። ፖሊስ ወረቀት የለሽም ብሎ ሲወስደን ቶብ ልብሷን አጣፍታ፣ ጣቢያው ድረስ ሄዳ፣ መኮንኑን «ያ ወልዲ፣ ልጄ» እያለች የምታስፈታን እሷ ናት። ሳዲቅ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ታች፣ ሱቁ አጠገብ እንዲሆን ይፈልጋል። ደብተርና ብስኩት ሊሸጥ።

ዘሊካ የምርጫን ሥራ የተማረችው አገር ቤት ነው። ሾላ በር ምርጫ በመጣ ቁጥር የትምህርት ቤት መሠረት ድንጋይ ይጣልለታል፣ ዘይት ይታደላል፣ ይጨበጨባል። ምርጫው ያልፋል፣ ዘይቱ ያልቃል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ሦስት የመሠረት ድንጋይ አለን፤ ግድግዳ ግን አንድም የለንም። ዘንድሮም ምርጫ ደርሷል አሉ፤ አራተኛው መጣ?

ዘሊካ ግን ከእነዚያ ሰዎች ይልቅ ብልህ ናት። ዘይት የበላ ሰው ዞሮ ሌላ ሊመርጥ እንደሚችል ገብቷታል። ስለዚህ በየቪላው በጓሮ በር እየገባች ስኳርና ሳሙና ትሰጣለች፤ ከዚያ ከቦርሳዋ ቁርአን ታወጣለች። «በዚህ ማይልኝ፤ ድምፄ ለዘሊካ ነው በይ።» ሴቶቹም ማሉ። ስኳሩን አንዴ ከተቀበልሽ፣ ቁርአኑም ከተዘረጋልሽ፣ እጅሽን ወዴት ትወስጂዋለሽ?

እኔም ጋ መጣች። በኩሽናው በር ስኳሩን ዘረጋችልኝ።

«እቴ ዘሊካ፣ እኔ እኮ ተወዳዳሪሽ ነኝ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ታዲያ? ሻይ በጨው ነው የምትጠጪው?»

ስኳሩን ትታልኝ ሄደች። ለማስማል ግን አፈረች።

የኸዲጋ ልጅ ሱላፋ በዚህ መካከል ገባች። አባቷ ሱዳናዊ ስለሆኑ እዚህ ምርጫ ሲደረግ ጣቢያ ውስጥ ተቀጥራ ስትሠራ ሰንብታለች። ጣቷ ላይ ያለው ቀለም ገና አልለቀቀም። «እጅ በማውጣት መምረጥ ዓይብ ነው፣ ነውር» አለች፤ «እኔ አሳያችኋለሁ።» ከሁለት ሳምንት በፊት ጁምዓ መሀላችን ቆማ አስረዳችን።

«ያ ጀማዓ፣ ስሙ! እናንተ አንድ አንድ ትገቢያለሽ» አለች። አማርኛዋን ታውቂው የለ። «ብቻሽን። መጋረጃ አለ። ዘሊካ አያይም፣ ፋሪሃ አያይም፣ እኔ አያይም። ኸላስ፣ አለቀ! ስኳር የበላች በላች። ልቧ ያለውን ትመርጣለች።»

የላይኛው ሰፈሯ ሉባባ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አላህስ?»

«አላህ ምን?»

«አላህ ከመጋረጃው በየትኛው በኩል ነው?»

ሱላፋ ዩኒቨርሲቲ የተማረችውን ሁሉ ፊቷ ላይ ስትፈልግ አየኋት። «አላህ... አላህ በዚህ ምርጫ አይገባም» አለች።

«አስተግፊሩላህ!» አለ ግቢው በሙሉ። ኸዲጋ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ልጇን ስታሳድድ ስብሰባው ተበተነ ብዬ ነበር።

ሉባባ ግን ትክክል ናት። የፈሩት ዘሊካን አይደለም። መጋረጃ ከዘሊካ ያስጥል ይሆናል፤ ከመሃላ አያስጥልም። ስለዚህ ሼህ ሙሐመድአወልን አስጠራናቸው፤ ቡሪ ሰፈር ሕንፃ የሚጠብቁትን፣ ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩትን። መጥተው ወንበር ተሰጣቸው፤ ጉዳዩን ሰሙ። ስኳሩ ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቁርአኑ ላይ ሲደርስ ገለጡት።

«መሃላችሁ ከተሻለ ነገር ካገዳችሁ የተሻለውን ሥሩ» አሉ። «ለመሃላው ደግሞ ከፋራ አውጡ። አስር ሚስኪን ማብላት ነው። ያልቻለ ሦስት ቀን ይጹም።»

«ሚስኪን ማለት ማን ነው ሼሁ?» አለች ሉባባ።

«የራሱ ቤት የሌለው፣ በሰው ደጅ የሚያድር፣ ከዕለት ጉርሱ የማይተርፈው።»

ሴቶቹ ተያዩ።

«ከመካከላችሁ ሚስኪን አለች እንዴ?» ሲሉ እጅ ሁሉ ወጣ። ዛሂራ፣ ጀማዓው ከተቋቋመ ጀምሮ አንድም ተቃውሞ ሳይኖር የወሰንነው ይህን ብቻ ነው።

ሼሁ የወጣውን እጅ አይተው «እንግዲያው ልትጾሙ ነው» አሉ።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። መሃላዋን ልታፈርስ ያሰበች ብቻ ከጾመች፣ ዘሊካ ከንፈሯን አይታ ታውቃታለች። እኔን የሚመርጡት ከንፈራቸው የደረቀ፣ እሷን የሚመርጡት የወዛ ሊሆን ነው። ሱላፋ ይህን ስትሰማ ተስፋዋ ተመለሰ። «ሁሉ ሰው ይጾማል!» አለች፤ «ጾሙም ሲሪ፣ ምስጢር ይሆናል!» ተስማማን። ዘሊካን በሙሉ ልቧ የምትመርጠዋ የታችኛው ሰፈር ዘይነባም ልትጾም ሆነ። ለማንም ያልማልኩት እኔም።

እሮብ፣ ሐሙስ፣ ጁምዓ ጾምን። ሪያድ ሰፈርን ልታዪው ይገባ ነበር። እሮብ መዳሜ ሉጥፊያ ሻይ ስትሰጠኝ እንቢ አልኳት።

«ጾመኛ ነኝ መዳም።»

«በምን ምክንያት?»

«የግል ጉዳይ ነው።»

የጎረቤቷን መዳም ሠራተኛ ጠየቀች፤ የግል ጉዳይ ነው አለቻት። ማዶ ያለውን ቪላ ደወለች፤ እዚያም የግል ጉዳይ ነው። ሐሙስ ጠዋት መዳም ፊቷ ተቀይሮ ኩሽና ገባች። «ሀበሻዎቹ ሁሉ እየጾሙ ነው። አንድ የሚያውቁት ነገር አለ» ስትል ሰማኋት በስልክ። እኩለ ቀን ላይ እሷም ጾመኛ ሆና አረፈች። «ሠራተኛዬ ጾማ እኔ ምሳ ስበላ ጎረቤት ምን ይለኛል?» አለችኝ፤ እኔ ያስገደድኳት ይመስል። ጁምዓ የመንገዱ መዳሞች በሙሉ ጾመኞች ነበሩ። ባሏ ኡስታዝ አብደልራሒም ከመስጊድ መጥተው ድስቱን ከፈቱ፤ ባዶ ነው። ሁለተኛውን ከፈቱ።

«የረመዳንን ጨረቃ ማን አየ?» አሉ።

«ዝም በል» አለቻቸው መዳም።

የምርጫው ምልክት የተወሰነው በዚያው ሳምንት ነው። አብዛኞቻችን ስለማናነብ፣ ሱላፋ ለእያንዳንዳችን ሁለት ነገር በእጃችን ልትሰጠን አሰበች። አንዱ የዘሊካ፣ አንዱ የእኔ። ጓዳ ገብተሽ የምትመርጪውን ጋን ውስጥ ትጥያለሽ፣ የተረፈውን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ። ዘሊካ ምልክቷን ራሷ መረጠች። ተምር። «እኔን የመረጠች እጇም ይጣፍጥ» አለች፤ ደህና ተምር፣ ለስላሳውን፣ ገዝታ አመጣች። ዘዴዋ ገብቶኛል። የራበው ሰው በአንድ እጁ ተምር፣ በሌላው ለእኔ ከኸዲጋ ጓዳ የተገኘልኝን ደረቅ የፉል ባቄላ ይዞ ሲቆም ልቡ ወዴት እንደሚያዘነብል አስልታለች። የቀረውን ግን አላሰላችም። ማናችንም አላሰላንም። ዩኒቨርሲቲም አላሰላውም።

ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰለፍን። ሱላፋ ጓዳው በር ላይ መጋረጃ ሰቅላለች። ሼሁ ታዛቢ ሆነው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዘሊካ በሩ አጠገብ ቆማ የምትገባዋን ሁሉ «አላህ ያግዝሽ» ትላለች። እሷም ጾማለች፤ ሁላችሁም ጾማችሁ እኔ ብቻዬን ብበላ ምን ትሉኛላችሁ ብላ። ጥቂቶች ገብተው እንደወጡ፣ ሉባባ ሰልፉ ላይ ከፊቷ ለቆመችው ለዘይነባ መናገር ጀመረች።

«የእኔን መሃላስ ጾምኩት። እኔን የሚጨንቀኝ የእሷ ነው።»

«የማን?»

«የዘሊካ። እሷም ምላልኛለቻ። ቁርአኑን ይዛ፣ ትምህርት ቤቱ ላይኛው ሰፈር ነው ብላ።»

ዘይነባ ዞረች። «ላይኛው? ለእኔ ታችኛው ነው ብላ ነው የማለችልኝ።»

«ኧረ ለእኔ መሀል ነው ያለችኝ» አለች ከኋላ አንዷ።

«መሀል እኮ ወንዙ ነው!»

ሰልፉ እንዳለ ወደ ዘሊካ ዞረ። እኔም ዞርኩ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ደስ አለኝ። ዘሊካ ግን አልሸሸችም። ቶቧን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

«ምን ላድርግ?» አለች። «መዳም ‹ወጥ ትችላለች?› ስትለኝ ትችላለች እላለሁ። እናንተ ‹መዳሟ ደግ ናት?› ስትሉኝ ደግ ናት እላለሁ። እውነቱን ብናገር ከእናንተ ቤት የምትገባ ማን ነበረች? ሉባባ፣ አንቺ ስትመጪ እንቁላል መቀቀል ታውቂ ነበር?»

ከሉባባ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«አንዷን እሺ ብዬ አንዷን እንቢ የምለው እንዴት ነው? ሁላችሁም ልጆቼ ናችሁ።»

«ለዚህ ከፋራ አለብሽ» አሉ ሼሁ።

«ስንት?»

«በየመሃላው ሦስት ቀን።»

ዘሊካ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። «ሼሁ! ይህን እኮ ሞቼም አልጨርሰው። በጅምላ አይሆንም?»

«በአንድ ጉዳይ ላይ የተደጋገመ መሃላ እንደ አንድ ይቆጠራል ያሉ ዑለማዎች አሉ።»

«አላህ ይዘንላቸው። እነሱን እንከተል።»

«የአንቺ ጉዳይ ግን ሦስት ነው። ላይ፣ ታች፣ ወንዝ።»

«ወንዙን ይተዉልኝ ሼሁ» አለች ዘሊካ። «ወንዙ ላይ የማልኩት ለአንዲት ሴት ነው፤ እሷም አላመነችኝም።»

ሼሁ ሳቃቸውን ሊደብቁ ጢማቸውን ያዙ። ሴቶቹ ግን አልሳቁም፤ አንዷ ስትጮህ አንዷ ስትሳደብ፣ ሱላፋ በመካከል «ኒዛም! ኒዛም! ሥርዓት!» ስትል፣ ፀሐይዋ ከግንቡ በላይ አንድ ጣት ቀርቷት እንደነበር ማንም ልብ አላለም።

የጀሪፍ መስጊድ አዛን አለ።

እንግዲህ አስቢው ዛሂራ። ሦስተኛ ቀን ጾም ነው። የካርቱም ሙቀት ነው። መግሪብ ገባ። በእያንዳንዷ ሴት እጅ ውስጥ አንድ ተምር አለ። ጾመኛ በምን ያፈጥራል?

«ቢስሚላህ» አለ ሰልፉ ሁሉ፤ እጅ ሁሉ ወደ አፍ ሄደ። የሚሰማው ማኘክ ብቻ ነበር።

«ላ! ላ! ላ!» ብላ ጮኸች ሱላፋ። «ድምፅ ነው! አትብሉ! ድምፅ ነው!»

ዘሊካ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ተምሬን! ድምፄን በሉብኝ!» ለማለት ብትሞክርም በደንብ አልተሰማም፤ እሷም የራሷን እያኘከች ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን ተከተለ። ሱላፋ ሰልፉን ሳታስቆመው ሴቶቹ መግባታቸውን ቀጠሉ፤ ለሶላት ቸኩለው። ዘይነባ ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል።

«ምነው?» አልኳት።

«ዘሊካን ልመርጥ ነበር የገባሁት። እጄ ላይ የቀረው ያንቺ ባቄላ ነው። ምን ልጣል?»

ከሶላት በኋላ ጋኑ ተገለበጠ። ባቄላ እንደ ወፍጮ ቤት እህል ፈሰሰ። አዛኑ ሳይል የገቡት የጣሉት ጥቂት ተምር አለ። ሁለት የተምር ፍሬም ወጣ፤ ሥጋው የተበላ።

«ፍሬም ቢሆን ድምፅ ነው» አለች ዘሊካ።

«አፍ ውስጥ የገባ ድምፅ አይቆጠርም» አለች ሉባባ።

«ለዘሊካ አስባ ነው እኮ የጣለችው!» አለች ዘይነባ።

«ለዘሊካ አስባ ቢሆን ሙሉውን ትጥል ነበር!»

ሱላፋ ጋኑን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። የሱዳንን ምርጫ ያስፈጸመች ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ግን አላየችም። «ባጢል ነው፣ ፈርሷል» አለች ቀስ ብላ። የላይኛው ሰፈር ሴቶች ግን «ፋሪሃ አሸንፋለች! ባቄላው ይኸው!» እያሉ እልል አሉ።

ዛሂራ፣ ያን ጊዜ ዝም ብል ትምህርት ቤቱ የእኔ ነበር። መዲናንም አሰብኳት። ግን ሳዲቅንም አሰብኩት። «ድምፅ በልተው ነው የተመረጡት» ይልና ሽማግሌዎቹን ዓመት ሙሉ ያካርራቸዋል፤ ልጄ እስከዚያ ዓመቷ ያልፋል። ተነሣሁ። ሰው ፊት ቆምኩ። ተናገርኩ።

«ሁለት ነገር አንድ ላይ አስረን ነው እንዲህ የሆነው። ሰብሳቢዋ ቦታውን የምትመርጥ ከሆነ ቦታ የሚፈልግ ሁሉ ሰብሳቢ ይገዛል። ቦታውን እኛው እንምረጥ። ሰብሳቢዋ ከዚያ በኋላ ትመረጥ፤ የተመረጠውን ታሠራ።»

ሼሁ «ይህቺ ልጅ ትናገራለች ለካ» አሉ።

ዘሊካ ልትቃወም ስትል ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት፤ ቶቧን ጠቀለለችና ተቀመጠች። ሱላፋ ከመሬት ተነሣች። «ግን በሚበላ ነገር መምረጥ የለም» አለች። «ተምር የለም፣ ፉል የለም።» ኸዲጋ የልብስ ማስጫ ገመዷ ላይ ያለውን መቆንጠጫ ሁሉ ነቅላ አመጣች፤ ቀይና ሰማያዊ። ልብስ ስናሰጣበት የምንውለው ነው፤ ማንም ስቶ አፉ ውስጥ አይከተውም።

በመጀመሪያ ቦታው ተመረጠ። ላይኛው ሰፈር በሰፊው አሸነፈ። ይህን ለሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ አንብቢላቸው። ላይኛው ሰፈር አሸነፈ። ዘይነባ ስትወጣ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «የእኔ ልጅ ከተማ ይማራል፤ የእናንተዎቹ ምን በወጣቸው?» አለችኝ። ሱላፋ ሰምታ «ሲሪ ነው! አትናገሪ!» ብላ ጮኸችባት።

ቀጥሎ ሰብሳቢ ተመረጠ። ዘሊካ አሸነፈች። ያለ ስኳር፣ ያለ መሃላ።

ይህን ክፍል ለሽማግሌዎቹ አታንብቢ። እኔም የመረጥኩት እሷን ነው። መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ሁለቱን መቆንጠጫ ይዤ ቆምኩ። ቦታው አልቆ የለ፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ ነው። ሲሚንቶ በሚያመጣው ሹፌር ላይ ማን ይጮኻል? የወረዳውን ሰውዬ «ያ ወልዲ» ብሎ ማን እሺ ያሰኘዋል? ሳዲቅን ማን ይችለዋል? እኔ ነኝ? የእሷን ጣልኩ። ስወጣ «አላህ ያግዝሽ» አለችኝ። አሜን አልኳት።

ውጤቱ ሲነገር ዘሊካ አለቀሰች። በሳቅ ልታልፈው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። ከዚያ ቀኝ እጇን አነሳች። «ወላሂ ላይኛው ሰፈር—»

«አትማዪ!» ብሎ ግቢው ሁሉ ጮኸ።

እጇን አወረደች። በዚያው ስልኳን አውጥታ እኛው ፊት ወንድሟ ጋ ደወለች፤ ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ። ሾላ በር ውስጥ ስልክ ያለው ሳዲቅ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

«ሳዲቅ፣ ተወሰነ። ላይኛው ሰፈር ነው።»

«አልሰማሽም!»

«ላይኛው! ላይኛው ሰፈር!»

«መስመሩ ነው! ታችኛው ነው ያልሽው? እሺ! በሚመጣው ጁምዓ ከሶላት በኋላ መሠረቱን እናስቆፍራለን!»

«ላይኛው ነው የምልህ፣ አንተ ሌባ!»

«አላህ ይባርክሽ እህቴ! ታችኛው!» ዘጋው። መልሳ ደወለች፤ ስልኩ ጠፍቷል። ቅዳሜም ጠፍቷል። ትናንትም።

ዘሊካ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እኔ የተሻልኩት ነኝ ከቤታችን» አለች።

ለዚህ ነው ደብዳቤው። የአገራችን ልጅ ጂብሪል ዛሬ በገላባት በኩል አገር ይገባል፤ መንገዱ ከቀናው ሐሙስ ማታ እጅሽ ላይ ያደርሰዋል። ጁምዓ ጠዋት ሽማግሌዎቹን ሰብስበሽ አንብቢላቸው። ሳዲቅ ቆፋሪዎቹን አምጥቶ ከሆነ የላይኛውን ሰፈር ሴቶች ይዘሽ ሂጂና ጉድጓዱ ውስጥ ቁሙ። ከጉድጓድ ውስጥ ሴት ጎትቶ የሚያወጣ ወንድ ሾላ በር ውስጥ የለም፤ ቢኖርም እናቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትኖራለች። ዘሊካ «ቃሌ ነው በያቸው» ብላለች። ሰብሳቢ ናት፤ ቃሏ ይቆጠራል። መዲናንም አምስተኛ ክፍል ለሚመዘገቡት ቀድመሽ አስጽፊያት፤ ክፍሉ ባይኖርም ስሟ ይኑር።

ይህን የምጽፍልሽ ቡሪ፣ ጋዝ መሸጫው ደጅ ሆኜ ነው። መዳም ቤት እንግዳ አለ፤ ጋዙ ድስቱ መሀል ላይ እያለ አለቀ፤ ባዶውን አንቡባ፣ የጋዙን ሲሊንደር፣ አሸክማ ላከችኝ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ አንቡባው ላይ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት፤ ጽሑፌ ቢወላገድ ለዚያ ነው። ጂብሪል ከዐስር ሶላት በኋላ ነው የምሄደው ብሎኝ ነበር። ዘሊካ አሁን ደወለች፤ አውቶቡሱ ሞልቶ ሊነሣ ነው፣ ሹፌሩን በነገር ይዤዋለሁ፣ ግን ብዙ አልችልም፣ ያላ፣ ቶሎ በይ አለችኝ። ባለሦስት እግር ረክሻ አስቁሜያለሁ።

ተራዬ ደርሷል። ባለ ሱቁ «ያቺ ሀበሻ፣ አንቡባሽን አምጪ!» እያለ ይጣራል።

አንቡባው እሱ ጋ ይቆይ። ሄጃለሁ።

እህትሽ ፋሪሃ